ይማም ሳይፈርም ሞተ

ይማም መሞቱን የሰማሁት ገበያ ውስጥ ጨው ስገዛ ነው። ጨው ከባቲ የሚያመጣው ነጋዴ ሚዛኑን አስቀመጠና፣ «እማ ዘሀራ፣ ያ ኮምፒዩተር ጠጋኙ፣ አንቺ ግቢ የነበረው ልጅ፣ ከባቲ መውጫ ላይ መኪና ገጨው። ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

«መኪናውስ?» አልኩት።

«ሳይቆም ሄደ። ያየው የለም።»

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ይህን አልኩና ወዲያው ደግሞ አፌ አምልጦኝ፣ «ፈርሞ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ግራ ገባው። «ምኑን ነው የሚፈርመው?» አለኝ። ጨዉን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ይህን የምትጽፍልኝ ሀያት ናት፣ የልጄ ልጅ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ቀስ በይ እማዬ» ትለኛለች እንጂ እኔስ አንዴ ከጀመርኩ ቀስ የምል አይደለሁም።

ይማም የባቲ ልጅ ነው። አባቱ ግመል ደላላ ነበሩ፣ ከአፋር የሚወጣውንና ከደጋ የሚወርደውን ሰው እያገናኙ የሚያገበያዩ። እሱ ግን ተማረና ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሆነ። እዚህ ከሚሴ አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠረውና ከግቢዬ በር በስተግራ ያለችውን ክፍል ተከራየኝ። ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚሄድ። ጠዋት ጠዋት «ነጋ ቡልቴ፣ እማ ዘሀራ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ነው። አንድ አመል ነበረችው። ዕቃ ሲነካ በመዳፉ አይነካም። የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ፣ በእጁ ጀርባ ነው። በርንም፣ ባጃጅንም፣ የሻይ ብርጭቆንም እንደዚያ ነው የሚነካው። ትኩሳቱን ሳያይ ምንም አይዝም።

ክፍሉ ውስጥ የሞቱ ኮምፒዩተሮች ሞሉ። ሰው የጣለውን ያመጣል፣ ያድነዋል፣ ከዚያ ቼዝ የሚሉትን ጨዋታ ይጭንበታል። እሱ ግን ሲጫወት አይቼው አላውቅም።

«አንተ አትጫወትም እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔ አልችልበትም፣ እማ ዘሀራ። እነሱ ያስቡ። እኔ ስንት እንዳሰቡ ነው የምቆጥር።»

«ምን ይጠቅምሃል?»

ወንበር አመጣልኝና አስቀመጠኝ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የምሰጣቸው አለኝ። ጠጠሮቹን እንዲህ እንዲህ አድርጌ አስቀምጥና ቀጥሎ ማን የት ይሂድ እላቸዋለሁ። ማሽኑ መልሱን ሲፈልግ፣ ይህ ቢሄድ፣ ያ ቢበላው፣ እያለ በአንድ ሰከንድ ስንት መንገድ እንዳየ በቁጥር ይነግረኛል። ያኔ አንጎሉ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። ፕሮሰሰር የሚሉት ነው አንጎሉ። በስም ብዙ ነው፣ ሁሉም ፈጣን ነኝ ይላል።

እኔ ሙስበሃዬን፣ መቁጠሪያዬን ይዣለሁ። «እንግዲህ እኔ አንድ ጊዜ ሱብሃነላህ እስክል ይህ ስንት ያያል?»

«ይህኛው ሽማግሌ ነው። መቶ ሺዎች ያያል። ያ ጥግ ያለው የኔው ግን ሚሊዮን ያልፋል።»

«ይህን ሁሉ አይቶ አንድ ጠጠር ነው የሚያነሳው?»

«አንድ ጠጠር።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለው!» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ አፉን በእጁ ጀርባ ይሸፍን ነበር።

ነገሩን ከአባቱ ነው ያመጣው። አባቱ ግመል ሲያገበያዩ የሻጭ አፍ አይሰሙም ነበር አለኝ። ጥርሱንም አይተው አያምኑም፣ ጥርስ ይሞረዳል። «አስነሳው፣ አስቀምጠው፣ ጫንበት» ይሉ ነበር። ሁለት ግመል የሚያወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ እኩል፣ መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ። አንዱን ዳገት አንዱን ሜዳ አስኪዶ ይህ ይሻላል ማለት ወንጀል ነው ይሉ ነበር። ይማምም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሮቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጥያቄ ነው የሚያወዳድራቸው። የኛን የቀትር ሙቀት ደግሞ ይፈራዋል። «ማሽን ሲግል ይለግማል» አለኝ።

«እንደ በሬ?»

«እንደ በሬ። ራሱን እንዳያቃጥል ብሎ ነው ቀስ የሚለው። ለዚህ ነው ጎኑን ከፍቼ ማራገቢያ የማዞርበት።»

ይህን ነግሮኝ ነበር። አልነገረኝም አልልም። እኔ ግን የሰማሁት እንደ ጨዋታ ነው።

ከዚያ አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች መጡ። አንድ ሙሉ አይሱዙ። ለየወረዳው የሚከፋፈሉ ናቸው ተባለ። የሚረከባቸው ይማም ነው። «ዕቃው በውሉ የተባለው ዕቃ ነው» ብሎ እሱ ካልፈረመ አይወጡም።

በዚያ ቀን ማታ ሳይሆን ገና በዐስር ሶላት ሰዓት መጣ፣ ፊቱ ጠቁሮ። ከበራፌ ቆሞ፣ «እማ ዘሀራ፣ አሮጌ ግመል ጸጉሩን አቅልመው አመጡልኝ» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ማሽኑን ስሙን ስጠይቀው የአዲሱን አንጎል ስም ይናገራል። ካርቶኑም ይናገራል። ቼዝ ስሰጠው ግን እንደ ሽማግሌው ነው የሚያየው። ስም መጻፍ ቀላል ነው። ማሽን ሲዋሽ አላየሁም፣ የሚዋሸው የለጠፈበት ሰው ነው።»

«እንግዲያ ክፈተውና አሳያቸው።»

«ማኅተም አለው። ሳትፈርም ከከፈትህ ዋስትናው ይፈርሳል አሉኝ። ከፈረምኩ ደግሞ ምን ብዬ እከፍታለሁ?»

ያኔ ገባኝ። ይህ ልጅ ከቁጥር በቀር የያዘው የለም።

በሳምንቱ አንድ ሞተር ብስክሌት በግቢዬ በር መመላለስ ጀመረች። ሁለት ሰው ይዛ ትመጣለች፣ በሩ ጋ ስትደርስ ፍጥነት ትቀንሳለች፣ ታልፋለች። ጎረቤቴ ሱቅ ያላት ሴትዮ ይማምን ዱቤ ስትሰጠው የነበረች፣ አሁን ሲገባባት ጓዳ ትገባለች። አብረውት ምሳ የሚበሉ የቢሮ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ስልክ ያወራሉ፣ ስልኩ ሳይጠራ። እሱ ምንም እንዳላየ ይሆናል። «ሙቀት ነው፣ እማ ዘሀራ፣ ሰዉን ሙቀት አለገመው» ይለኛል።

ከዚያ ዕቃውን ያመጡት ሰዎች ሽማግሌ ላኩበት። ሀጂ እንድሪስ ከሁለት ሰው ጋር እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። እርጥብ ሳር ተይዞ የተለመነ ሰው እኛ አገር እምቢ አይልም። ከጨፋ እስከ ባቲ ደም እንኳ በሳር ይቆማል። ይማም ሳሩን ሲያይ ተነስቶ የሀጂን ጉልበት ሳመ።

«ልጄ» አሉት ሀጂ፣ «ፊርማ ምንድን ነው? ቀለም ነው። ሰዎቹ ትልቅ ሰዎች ናቸው። አንተ ባይተዋር ነህ። ፈርምና ሰላም እንሁን።»

«ሀጂ፣ ኒካህስ ቃል ብቻ አይደለም ወይ? ቃል ብቻ ነው ብለን ሚስታችንን እንተዋለን?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሀጂ ግን አልሳቁም። ሳሩን አፍጥጠው እያዩ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ለነሱ አይደለም የመጣሁ። ላንተ ነው» አሉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ።

ይማምም፣ «ሳሩን እምቢ አልልም። አባቴ ይረግመኛል። ነገር ግን ይዩ። ዕቃውን የገዛው ኮሚቴ ይምጣ፣ አዲሱንና የኔውን ማሽን ጎን ለጎን በዓይኑ ይይ። እውነት አዲስ ከሆነ ከኔው አያንስም፤ ከኔው ጋር እኩል ከቆጠረ በቢሮው ዘበኛ ፊት ሳይቀር ይቅርታ ጠይቄ እፈርማለሁ» አላቸው።

ሀጂም በዚህ ተስማሙ። ሐሙስ ቀትር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ተባለ። ቢሮው መብራት ስለሚቆራረጥ፣ የኔ ግቢ ደግሞ መስመሩ ከጤና ጣቢያው ስለሆነ፣ በደብዳቤ አንዱን አዲስ ኮምፒዩተር እኔ ግቢ አመጣው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሌሎቹን ቀድሞ መጣ። ንጹሕ ሰው ነው፣ ሽቶ ይሸታል፣ አነጋገሩ ያዲሳባ። ይማም ውስጥ ሽቦ እያያያዘ ነው። እኔን በር ላይ አገኘኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «እማ ዘሀራ፣ ደኅና ነዎት? የግቢዎ ካርታ አልቆልዎታል?» አለኝ።

«አላለቀም ጌታዬ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«እኔ ጋ ነው ያለው፣ አይስጉ። ሽማግሌ ሰው እንዳይጉላላ እኔ አለሁ።» እጄን ለቀቀኝ።

ሁለቱ ሌሎች ሲመጡ ይማም ማሽኖቹን አስጀመረ። ግማሽ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ውጤቱን እናያለን አላቸው። ክፍሉ ይሞቃል ብሎ ሰዎቹን ወደ በረንዳዬ ይዟቸው ወጣ። ሎሚ ያለበት ውሃ አቀረብኩላቸው፣ ተምርም። ከዚያ ክፍሉን ላስተካክል ብዬ ገባሁ። ትልልቅ ሰዎች ሊገቡበት ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር እንደ ሙሽራ ያበራል። የይማም ግን ጎኑ ተከፍቶ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ አንጀቱ የሚታይ፣ አቧራ የለበሰ። አፈርኩ። የኔ ግቢ ሰው ገመናው ተገልጦ በእንግዳ ፊት? እኛ ቤት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ጨርቅ ሳይለብስ ለእንግዳ አይታይም። ማራገቢያው አቧራ ይበትናልና ወደ ግድግዳው አዞርኩት። የጎን ክዳኑን መልሼ ገጠምኩለት። ከዚያ ሳጥኔ ውስጥ ለይማም ሠርግ ብዬ ያስቀመጥኩትን ወፍራም የከፋይ ጨርቅ፣ ባለ ወርቅ ጥልፉን፣ እጥፍ አድርጌ አለበስኩት። አምሮበት ነበር፣ ወላሂ።

ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ገቡ። ይማም ቁጥሩን አየና ቆመ። እንዳልገባው ሰው ደግሞ አየ። ሰብሳቢው ከኋላው ሆኖ አነበበ።

«እኩል ናቸው» አለ። «እንደውም የኛው በትንሽ ይበልጣል።»

ያኔ ነው ይማም ከፋዩን ያየው። ሄዶ የእጁን ጀርባ አሳረፈበትና ወዲያው ሳበው።

«ይህ ተሸፍኖ ነው የቆጠረ። ግሏል። ይንኩት።»

«በከሚሴ ምን የማይግል አለ?» አለ ሰብሳቢው። ሁለቱ ሳቁ።

«ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው የምጠይቅ። ይቀዝቅዝና ይደገም።»

«አቶ ይማም፣ ቤቱን የመረጥከው አንተ። ሰዓቱን አንተ። ማሽን አይዋሽም ያልከው አንተ።» ከዚያ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። «እስቲ እማ ዘሀራን እንጠይቅ። ይህን ጨርቅ መቼ ነው ያለበሱት? ሲቆጥር ነው፣ ወይስ አሁን እኛ ስንገባ?»

ሦስቱም አዩኝ። ይማምም አየኝ። የሱ ዓይን ግን ዝም ብሎ ነው የሚጠብቅ፣ እንደሚያውቀኝ። እኔ ያን ጊዜ ያየኋት ግቢዬን ነው። ልጆቼን የወለድኩባትን፣ ባሌን ገንዤ ያወጣሁባትን። ደግሞ የመንግሥት ሥራ አበላሽታለች ይሉኛል ብዬ ነው። ደግሞ ፈርቼ ነው። ሀያት፣ ፈርታ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ሌላውን ተይው።

«አሁን ስትገቡ ነው» አልኩ።

ማራገቢያው አሁንም ግድግዳውን ያራግባል። ይማም አንዲት ቃል ይበቃው ነበር። ማራገቢያውን ማን አዞረው፣ ክዳኑን ማን ገጠመው ቢላቸው ይበቃው ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፋ አደረገ። «እማ ዘሀራ ካለች፣ አለች» አላቸው። በሰው ፊት፣ ያበላችህን እናት ዋሸች አይባልማ። አባቱ እንደዚያ ነው ያሳደጉት።

ቃለ ጉባኤ ጻፉ። ሦስቱ ፈረሙ። ብዕሩን ሰጡት።

«እኩል ከሆነ እፈርማለሁ ብለሃል» አለው ሰብሳቢው።

«እኩል ከሆነ ብያለሁ» አለ ይማም። ብዕሩን በእጁ ጀርባ ገፋ አደረገና መለሰው።

አዲሱን ማሽን ጭነው ሄዱ። እኔ ጓዳዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ዐስር ተሰገደ፣ አልወጣሁም። ኋላ እሱ ራሱ መጣ። ከፋዩን አራግፎ፣ አጣጥፎ፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። «አቧራ ጠጥቶብሻል» አለኝ። ከዚያ፣ «እራት ምንድን ነው?» አለኝ። እንደ ማንኛውም ቀን ተቀምጦ በላ።

ከሥራ አገዱት። ሌላ ሰው ተክተው አስፈረሙና ኮምፒዩተሮቹ ለየወረዳው ወጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሱ ፊርማ ቦታ ባዶ ነው አሉ፣ ያ ባዶ ቦታ እንቅልፍ ነሳቸው። ከላይ የሚመረምር ሰው ይመጣል የሚል ወሬ ነበርና ሰው ይልካሉ፣ ፈርም ይሉታል፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ ይሉታል። ሞተሯ መመላለሷን አልተወችም። አሁን ስታልፍ ፍጥነት መቀነስ ሳይሆን ትቆማለች። ሞተሯን ሳታጠፋ ትቆምና ትሄዳለች።

ወደ አገሩ ወደ ባቲ የተመለሰ ቀን ነው የነገርኩት። ማሽኑን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሊሰናበተኝ ሲመጣ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ።

«ዋሽቼብሃለሁ፣ ልጄ። ነገ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ።»

«አውቃለሁ። ያኔውኑ አውቃለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? አንቺ ላይ ጭነው ነው የሞከሩሽ። እኩል ጭነት አልነበረም፣ እማ ዘሀራ።» ትከሻዬን ይዞ ቆየ። «እንዳትሄጂ። እኔ እያለሁ አንቺ አትናገሪ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ አንቺ የልጅ ልጅ አለሽ። ዹጋን ኒ ቀላቲ መሌ ሂን ጪቱ።» እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም ማለቱ ነው። እያወራ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ ነው። ሁለቴ ደወለ። በሁለተኛው፣ «ሞተሯ ባቲም አለች» አለኝና ሳቀ። አፉን በእጁ ጀርባ ሲሸፍን በስልኩ ውስጥ የታየኝ መሰለኝ።

ሞቱን ሰምቼ ስመለስ ጎረቤት ሁሉ ለተዕዚያ፣ ሊያስተዛዝነኝ መጣ። ልጅ እንደሞተብኝ ነው የመጡት፣ ጓዳ ትገባ የነበረችውም ሴትዮ ሳትቀር። ሀጂ እንድሪስ ዱዓ አደረጉ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰብሳቢው መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ ሰው እየሰነጠቀ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሁሉም በላይ እሱ ነው ያዘነ የሚመስለው። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጭኔ ላይ አኖረው።

«ካርታዎ ነው። አልቋል» አለኝ። ከዚያ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አላህ ይርሐመው፣ ጎበዝ ልጅ ነበር። ትንሽ ግትርነት ነው የጎዳው። ያን ቀን እማ ዘሀራ እውነቱን ባይናገሩ ኖሮ ስንቱን ሰው ያሳስት ነበር» አለ።

እኔን ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ይማም «እኔ እያለሁ አትናገሪ» ነው ያለኝ። እንግዲህ የለም።

«ዋሽቼ ነው» አልኩ።

ሰዉ ዞረ።

«ሲቆጥር ነው ያለበስኩት። ከጅምሩ። ክዳኑን የገጠምኩ እኔ፣ ማራገቢያውን ያዞርኩ እኔ። የልጁ ቁጥር ልክ ነበር። የናንተ ዕቃ አሮጌ ነው። ሀጂ፣ ይስሙኝ፣ ሳር ይዘው የመጡት እርስዎ ነዎት።»

ሀጂ እንድሪስ አቀርቅረው ነበር፣ ቀና አሉ። «ሰምቻለሁ» አሉ። «ሁላችንም ሰምተናል።»

ሰብሳቢው አልተቆጣም። የያዘውን ተምር ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰ። «ሐዘን ነው፣ እማ ዘሀራ» አለኝ። «ሐዘን ያናግራል።» ካርታውን ከጭኔ አላነሳም። ተነሳ፣ ሰዉን ተሰናበተ፣ ጫማውን አደረገ። በር ላይ ሀያት ውሃ ይዛ ቆማለች። ራሷን ዳሰሳት።

«አንቺ ነሽ ለአያትሽ የምታነቢላት? ጎበዝ። ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ነገረችው።

«የትኛው ትምህርት ቤት?»

እሱንም ነገረችው። ልጅ ናት፣ ትልቅ ሰው ሲጠይቃት ትመልሳለች።

ይህን ከማስጻፌ በፊት ይቅር ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ከላይ ይመጣል የተባለው መርማሪ ሰኞ ሲመጣ ይህን እኔው አነብለታለሁ» አለችኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። በሩን ቀርቅረናል።